አያቴ የሠሩት መረብ

አጎቴ ዕድሜውን ኳስ ቅርጫት ውስጥ ሲከት ኖሮ ወደ ትውልድ ከተማችን ወደ መሐል ሜዳ ሲመለስ፣ የከተማው ሰው ለማዕረጉ የሚመጥን ሥራ ሰጠው፤ አምፖል መቀየር። መሰላል ያለው እንኳ መሰላሉን ትቶ እሱን ይጠራል። «ጋሼ፣ አንዴ እጅህን ዘርጋልን!» ይሉታል። እያነከሰ ይሄዳል። ጉልበቶቹ አልቀዋል፤ ቁመቱ ግን እንዳለ ነው።

እንጀራውን ያገኘውም በዚሁ ቁመት ነው። ተማሪ ሳለ ለሩጫ ውድድር ደብረ ብርሃን ወሰዱት፤ ከኋላ አንደኛ ወጣ። አንድ አሠልጣኝ ግን እግሩን ሳይሆን አናቱ የት ድረስ እንደሚደርስ አይቶ አዲስ አበባ ወሰደው። እዚያ ክለብ ገባ፤ ኋላም ጎረቤት አገር ድረስ ደመወዝ እየተከፈለው ተጫወተ። እኛ ቤት የደረሰው ዝናው አሮጌ ጫማው ብቻ ነበር። ለበዓል ይልካል፤ ለማንም ልክ አይሆንም። በአንደኛው ዶሯችን እንቁላል ትጥልበት ጀመር። የመጀመሪያ ግጥሜን የጻፍኩት ስለዚያ ጫማ ነው፤ ሳታቋርጠኝ ያዳመጠችኝም ዶሮዋ ብቻ ናት።

አባቱ፣ ማለትም አያቴ፣ ዝተት ሸማኔ ናቸው። ይህን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ለብሶ ያደገ የሰፈራችን ሰው ሁሉ እጃቸውን ያውቃል። ልጃቸው ሲጫወት ግን አንድም ቀን አይተው አያውቁም። «ልጅዎ ሥራው ምንድን ነው?» ሲሏቸው፣ «ይወረውራል» ብለው ወደ ድርና ማጋቸው ይመለሳሉ። አጎቴ ከተመለሰ ወዲህ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ አባቱ አንድ ቀን ሥራውን በዓይናቸው አይተው ሥራ ነው እንዲሉት።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቆምን። ብየዳ ቤቱ ከፌሮ ብረት ቀለበት ሠራልን። መረብ ግን መሐል ሜዳ አይሸጥም። አጎቴ አባቱ ዘንድ ሄደ።

«አባዬ፣ ከበግ ፀጉር ክር መረብ ይሥሩልኝ። አፉ ይህን ያህል፣ ርዝመቱ እስከዚህ።»

«ምን ሊከተትበት ነው?»

«ኳስ።»

«ስንት?»

«አንድ።»

አያቴ አዘኑለት መሰል፣ እሺ አሉ። ሳምንት ሙሉ ክሩን ሲያከሩና ሲቋጥሩ ሰነበቱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መረቡን ቀለበቱ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። መሰላሉ ላይ ሆኜ ስለማነበው ግጥም አስብ ስለነበር ታቹን ልብ አላልኩም።

ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ አያቴ በርኖሳቸውን ደርበው ከፊት ተቀመጡ። ግጥሜ ሁለተኛ ስንኝ ላይ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ብርዱ ሳይገድለን ይወርውርና እንይ» አሉኝ። ወረቀቴን አጥፌ ዞር አልኩ።

አጎቴ ኳሱን ሁለት ጊዜ አነጠረና ወረወረ። ኳሱ ብረቱን ሳይነካ ገባ። ገብቶም ቁጭ አለ።

ሕዝቡ እልል አለ። አጎቴ ብቻ እጁን ዘርግቶ ኳሱ እስኪወርድ ይጠብቃል።

«አባዬ፣ ታቹን ዘግተውታል እኮ!»

«ታዲያሳ! ታች የሌለው ነገር ሠርቼ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም።»

«ኳሱ መውደቅ አለበት።»

«ከገባ በኋላ?»

«አዎ።»

«ያን ሁሉ ዘመን የከተትከው ሁሉ ወድቋል?»

«ሁሉም።»

«አይ ልጄን!» አሉ አያቴ፣ ከልባቸው።

አጎቴ ከሥር ተንጠራርቶ ኳሱን በጣቱ ጫፍ ወደ ላይ ገፋው፤ ነጠር ብሎ ተመልሶ ገባ። «ደገመው!» ብሎ ሕዝቡ አጨበጨበ። በያጁ ቢላ አወጣ። «ተው! የአባቴ እጅ ሥራ በቢላ አይነካም» አለ አጎቴ። እኔ መሰላል ወጥቼ ኳሱን አወረድኩ። እንዲህ ሦስቴ ከተተ፣ ሦስቴ ወጣሁ። በአራተኛው ሰዉ ወደየቤቱ ሄደ። አጎቴ መረቡን አስፈትቶ አጣጥፎ ለአባቱ መለሰላቸውና እያነከሰ ወጣ።

በማግስቱ አያቴ ቤት ስገባ መረቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ታቹን ቋጠሮ በቋጠሮ ይፈታሉ። የፈቱትን ጠርዝ ደግሞ እንዳይተረተር መልሰው ይቋጥራሉ።

«አባባ፣ በመቀስ ቢሆን ቶሎ ያልቅ ነበር።»

«ዝም በል። ቀዳዳም ወግ አለው። ይልቅ ጥራው፤ ሲወድቅ ልየው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ብቻ ሄደን መረቡን መልሰን አሰርን። ግጥም አልነበረም፤ ሕዝብም አልነበረም። አጎቴ ወረወረ። ኳሱ በመረቡ አልፎ ወረደና አያቴ እግር ሥር አረፈ። እሳቸው ግን ወደ ኳሱ አላዩም፤ አንጋጠው ጠርዙን መረመሩ። አልተተረተረም።

«ሥራ ነው» አሉ። ስለየትኛው እንደሆነ አጎቴም አልጠየቀም።

ኳሱን አንሥተው አቀበሉት። «በል ድገመው።»

ጉልበቱ እምቢ እስኪል ደገመው።