የሙሉሰው ሐምሳ ሜትር

እልል በሉ! ተቀብለውታል! ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ገባ። በኅዳር መርከቡ ላይ ይወጣል፤ ከጎንደር ተነሥቶ የደቡብ ዋልታን በረዶ ሊያይ ነው። ማን በሉኝ? ሙሉሰው ነዋ! ያ የስሜን ተራሮች አስጎብኚ፣ ፒያሳ ካፌ በር ላይ ማኪያቶውን እያማሰለ ሲነጫነጭ የምታዩት።

ቢነጫነጭ አይፈረድበትም። የተወለደው ከደባርቅ በላይ፣ ከገብስ በቀር ምንም በማይበቅልበት ደጋ ነው። ልጅ ሳለ በታኅሣሥ ጠዋት የምንጩ ዳር ውኃ ግግር ይሆን ነበር፤ በተረከዝ ካልመቱት አይሰበርም። ዛሬ እዚያው ቦታ በረዶው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ የለም። ድሮ ውርጭ የሚፈጀው ስንዴ አሁን ይበቅላል፤ ሰዉም «ሸጋ ነው» ይላል። ምንጩ ግን በየካቲት ይደርቃል።

ከሁሉ የሚያበግኑት እንግዶቹ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ምን እንዳመጣቸው ሲጠይቃቸው «ሳይጠፋ እንየው ብለን» ይሉታል። ዋልያውን ሳይጠፋ፣ የዋልታውንም በረዶ ሳይጠፋ፤ እሱንም በመርከብ ሄደው አይተው ፎቶውን በስልክ ያሳዩታል።

«ሰውዬው ሳይሞት ለቀብሩ የመጣ ለቀስተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል ሙሉሰው።

በኋላ መንገዱ ሲዘጋጋ እንግዳውም ጠፋ፤ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ያኔ አንዲት የድሮ እንግዳው ጻፈችለት፤ እሷ የምትሳፈርበት መርከብ ወፍና ተራራ የሚያውቅ፣ ብርድ የማይፈራ አስጎብኚ ይፈልጋል። ሙሉሰው አሰበበት። እነዚያን ሰዎች እበረዶው ፊት አቁሞ ስለ ምንጩ ቢነግራቸውስ? አመለከተ።

የእናቱ ወንድም አያ ቢሻው ለሕክምና ጎንደር ወርደው ቀሐ ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ሰንብተዋል። ወሬውን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ደመወዙ አይደለም።

«መርከቡ በምን ይሄዳል?»

«በነዳጅ ነዋ፣ አያ።»

«ጭስ አለው?»

«አለው።»

«ታዲያ አንተም ልታቀልጠው ነው የምትሄድ?»

«እኔ ብቀር መርከቡ ይቀራል እንዴ? ቢያንስ ልንገራቸው!»

«ምነው፣ እዚህ ሃያ ዓመት ነግረሃቸው የለም?»

ይኼ ከአገሩ ውርጭ ይበልጥ ዘልቆ ተሰማው። ቢሆንም መርከቡ የላከለትን ቅጽ መሙላት ቀጠለ። ቅጹ «መዋኘት ይችላሉ? በየስንት ጊዜው ይዋኛሉ?» ይላል። ሙሉሰው በኩራት «አዎ፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጥምቀት፣ በፋሲል መዋኛ» ብሎ ጻፈ! ከዐሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ባሕረ ጥምቀቱ ሲባረክ ከግንቡ ዘሎ ያልገባበት ዓመት የለም፤ ይኼ ዋና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? መልሱ በማግሥቱ መጣ። ሐምሳ ሜትር ሳያቋርጥ ሲዋኝ የሚያሳይ ቪዲዮ እስከ መጋቢት መጨረሻ ይላክ።

የት ይዋኝ? ቧንቧው በስንት ቀን አንዴ በሚመጣበት ከተማ የሆቴሉ ገንዳ ደርቆ ወንበር ተከምሮበታል። የጎርጎራ መንገድ ተዘግቷል። እንዲህ ሲል ጥምቀት ደረሰ። የሚስቱ እህት ፀደንያ፣ የስፖርት መምህርቷ፣ ልትቀርፀው ስልኳን ደግና ቆመች። ሙሉሰው ዘለለ። አብሮት ግን አገር የሞላው ጎረምሳ ዘለለ። ቪዲዮው ተላከ፤ መልስ መጣ፦ «ከእነዚህ ሰዎች እርስዎ የትኛው ነዎት?»

«ሳቂ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ!»

«አልሳቅሁም» አለች ፀደንያ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ። «ግን ሙሌ፣ እውነቱን ልንገርህ? አንተ ዘለህ ትገባና ጠርዙን ይዘህ ትወጣለህ። እሱ ዋና አይደለም፤ መስጠም ነው። ቶሎ የሚያበቃ መስጠም።»

ከዚያ ወዲያ ሰውዬውን በደረቀው የሆቴል ገንዳ ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ በሆዱ አስተኝታ እጅና እግር አስጠናችው። የአርባ ሁለት ዓመት ሰው! አስተናጋጆቹ ከላይ ተደርድረው «ጋሼ ሙሉሰው፣ አንድ ሃይላንድ ውኃ ላፍስልዎት?» ይሉታል። እሱ ጥርሱን ነክሶ አየሩን ይቀዝፋል። ሁለት ጊዜ «በቃኝ፣ ይቅርብኝ!» ብሎ ሄዷል፤ ሁለት ጊዜም በማግሥቱ ተመልሷል።

መጋቢት ሃያ ስድስት ቀን መንገዱ ተከፈተ፤ ጎርጎራ ወረዱ። ጣና ላይ አንድ ታንኳ ቀዛፊ «ከበስተግራህ ጉማሬ!» ብሎ ቢቀልድበት፣ ሙሉሰው ሐምሳውን አልፎ ሰባ ሜትር ዋኘ።

የዚያ ቀን ቪዲዮ ነው የዛሬውን ደብዳቤ ያመጣው። ለተሳፋሪዎቹ ንግግር ላድርግ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ መርከቡ የመጀመሪያውን ግግር በረዶ በሚያይበት ቀን ሃያ ደቂቃ ፈቅደውለታል።

«ሃያ ደቂቃ!» ብሎ ተንጨረጨረ፣ እአያ ቢሻው ፊት ደብዳቤውን እያራገበ። «የሕይወቴን ሙሉ ነገር በሃያ ደቂቃ!»

አያ ቢሻው ወንበር ሳቡለት።

«እንግዲያ በምንጩ ጀምር» አሉት። «ጨዋታ አታብዛ። በል እስቲ፣ ለእኔ ንገረኝ፤ እሰማሃለሁ።»

ሙሉሰውም ቆሞ ጀመረ፤ አሁንም እየተናገረ ነው። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ፤ ፀደንያ ገና አልሰማችም እኮ! ወደ ሰፈሯ የሚሄደው ሚኒባስ «ማራኪ! ማራኪ!» እያለ ነው፤ ልሩጥ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ።