የሰባት ቁጥሯ ምሳ

ሰሞኑን የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች የዋናውን መንገድ ጠርዝ ኖራ ሲቀቡ ሰነበቱ። ነቀምቴ ትልቅ ሰው ሊመጣባት ሲል ሁልጊዜ ጠርዟ ይነጣል፤ ማን እንደሚመጣ ግን ለኛ ለነዋሪዎቹ የሚነግረን የለም፣ እኛም አንጠይቅም። ከሰፈሬ ከባኬ ጃማ ወደ ገበያ ስወርድ አንዱ ሠራተኛ በርሜሉን በዱላ እያማሰለ መንገዱን ዘጋብኝና፣ እስኪያሳልፈኝ ቆሜ ስጠብቅ የእርጥቡ ኖራ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ትንሽ የእንቁላል ቅርፊት፣ ትንሽ ዝናብ የነካው አቧራ የሚመስል ሽታ ነው። ለሌላው ሰው የግድግዳ ሽታ ይሆናል፤ ለኔ የመረብ ኳስ ሽታ ነው። ሠራተኛው ለሁለተኛ ጊዜ እለፊ ሲለኝ ነው ቆሜ መቅረቴን ያወቅሁት።

ከቤታችን ጀርባ፣ ከአንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ወዲያ፣ መምህራን የሚያሠለጥን ኮሌጅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎቹ አፉ በተቀደደ ጣሳ ኖራ እያፈሰሱ በቀዩ አፈር ላይ የሜዳውን መስመር ያሰምራሉ፤ እኔም ገና ሰው ሳይረግጠው ለማየት ስል ቁርሴን ጥዬ እሮጣለሁ። እህቴ ሌንሴ የኮሌጁ የሴቶች ቡድን ተጫዋች ነበረች፤ ሰባት ቁጥር። ቁመቷ የቤታችንን የበር ጉበን ሊነካ ምንም አይቀረው፤ ኳስ ስትመታ ግን ቁመቷ ሳይሆን ቁጣዋ ይመስለኝ ነበር የሚመታው። እናታችን፣ ሃርሜ የምንላት፣ ከደጋፊዎች ሁሉ የታወቀች ነበረች። የጨዋታው ሕግ እስከ መጨረሻው አልገባትም፤ ኳሷ ወደኛ ስትመጣ «መልሱላቸው» ትላለች፣ ወደነሱ ስትሄድ ደግሞ «እንካችሁ» ትላለች፤ ቆይቼ ሳስበው ከዚህ የተሻለ ስለ መረብ ኳስ ያስረዳኝ ሰው የለም።

የማስታውሰው ቀን ከአንገር ጉቲን የእርሻ ማሠልጠኛ የመጣው ቡድን ከኛ ጋር የተጫወተበት ቅዳሜ ነው። በደንቡ ጨዋታው ደርሶ መልስ መሆን ነበረበት፤ አንዱን እነሱ እኛ ጋ መጥተው፣ አንዱን እኛ ቆላ ወርደን። መንገዱ ግን መንገድ አልነበረም። ክረምት የበላውን ጭቃ በበጋ አቧራ አድርጎ የሚተፋ፣ የጭነት መኪና እንኳ እየለመነ የሚያልፍበት ነበርና ሁለቱ ቡድኖች ተስማምተው ደርሶ መልሱን በአንድ ቀን፣ በኛው ሜዳ ለመጨረስ ወሰኑ። ጠዋት ባለሜዳዎቹ እኛ ነን፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው ሜዳ አንገር ጉቲን እንደሆነ ይቆጠራል፣ ባለቤቶቹ እነሱ ይሆናሉ፣ እኛ እንግዶች። አንድ አንድ ከተሸናነፉ በአንድ አጭር ዙር ይለያሉ። አባቴ ይህን ሲሰማ እድሜ ልኩን ነቀምቴ ኖሮ ከምሳ በኋላ አንገር ጉቲን ሊገኝ መሆኑ ገርሞት ሳቀ።

አሸናፊው ወደ አዳማ ይሄዳል። ለሌንሴ ነገሩ ሁሉ ይህ ነበር። የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመርቃ ዕጣ ወደጣላት የገጠር ትምህርት ቤት ትመደባለች፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ለኳስ ብሎ የትም አይወስዳትም። ከባኮ ወዲያ ሄዳ አታውቅም። አዳማ ደግሞ ባቡር አለ፤ ሌንሴ ባቡር ማየት ትፈልግ ነበር፣ መሳፈር እንኳ አይደለም፣ ቆማ ሲያልፍ ማየት። ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች፤ እናቴም የአባቴን ሻንጣ አራግፋ ፀሐይ ላይ ካሰጣችው ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

ጠዋት እኛ አሸነፍን። ያለ ብዙ ድካም አሸነፍን፣ አንዲት ልጅ ብቻ አስቸገረችን እንጂ። እሷም ሰባት ቁጥር ናት፤ ቀጭን፣ እንደ ሁሉም ተጫዋቾች ፀጉሯን ከአቧራ በሻሽ ጠፍራ ያሰረች፣ ኳስ በመታች ቁጥር ይቅርታ የምትጠይቅ የሚመስል ፊት ያላት። ደጋፊው «ሰባቷን ያዟት» እያለ ጮኸ፣ ሌንሴም ያዘቻት።

በዚያ ዘመን ለእንግዳ ቡድን ምሳ የሚያበላ ሆቴል አልነበረም፤ ቢኖርም ኮሌጁ አይከፍልም። ልማዱ ቁጥር ለቁጥር ነበር፤ የኛ አንድ ቁጥር የነሱን አንድ ቁጥር፣ የኛ ሁለት የነሱን ሁለት ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ማን ለማን ይድረስ የሚል ክርክር የለም፣ ማንም አይቀርም። ስለዚህ ሌንሴ ስታናድዳት የዋለችውን ሰባት ቁጥር ይዛ መጣች። እናቴ ለእንግዳዋ ስትል ያሳደግነውን አውራ ዶሮ በአባቴ አሳርዳ፣ ከንጋት ጀምሮ ሽንኩርት ስታቁላላ አርፍዳ ነበር። ልጅቷ ቁጭ አለች። ሁላችንም ሰባት እያልን እንጠራታለን፤ ሰባት ጠጋ በይ፣ ሰባት እጅሽን ታጠቢ፣ እሷም እየሳቀች አቤት ትላለች። ኦሮምኛዋ ከኛ የማይተናነስ ነው፤ አማርኛዋ ሲመጣ ግን ወላጆቿ በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሠፋሪዎች መሆናቸው ያስታውቃል። ይህንንም ሰምተን ምንም አላሰብንም።

እንጀራው ቀረበ፣ ወጡ ወጣ። ልጅቷ ጠግቤያለሁ አለች። እናቴ እንዴት ትጠግቢያለሽ፣ ከጧት ጀምሮ ስትዘይ አይደለም እንዴ የዋልሽው ብላ የዶሮውን እግር አወጣችላት። ልጅቷ ከእንጀራው ጥግ፣ ወጡ ካልነካው፣ ቁራሽ ቆርሳ በውሃ አወራረደች። እናቴ ኛዱ፣ ብዪ እንጂ ልጄ፣ እያለች ስትለምን፣ ልጅቷ ሆዴን ትንሽ አሞኛል እያለች ስትለምን፣ ሁለቱ ሲለማመኑ ምሳው አለቀ። እናቴ ፊቷ ጠቆረ። ምግቧን የናቀባት ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ወደ ጓዳ ገብታ ድስቱን ከሚገባው በላይ ድምፅ አሰምታ ከደነችው።

ሊወጡ ሲሉ ግን ጨዋነቷ አሸነፋትና እስከ አጥሩ በር ሸኘቻቸው። እንግዳ ሳይመረቅ አይሄድም፤ እናቴ ስትመርቅ ደግሞ በስም ጠርታ ነው። እጇን አንስታ ሰባት ልትል ስትል ቆም አለችና፣ ለመሆኑ ስምሽ ማነው አለቻት።

«ዘይነባ።»

እናቴ እጇ እንደተነሣ ቀረ። አባቴ ከበስተኋላ ቢላዋውን እያጠበ ነበር፤ እሱም ማጠቡን አቆመ። በዚህ አገር ማን የማንን ሥጋ እንደሚበላና እንደማይበላ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ሙስሊም ለሆነ ጎረቤት ዶሮው በቁሙ ለእሱው ተሰጥቶ በእምነቱ ሰው ነው የሚታረደው። እናቴ ይህን ሳትሳሳት ሃያ ዓመት ኖራለች። ቁጥር ግን ሃይማኖት የለውም፤ ሰባት ቁጥር ምን ትበላለች ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ልጅቷ ብትነግረን ኖሮ ነገሩ በእንቁላል ያልቅ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሴትዮዋ የደከመችበትን ወጥ አልበላም ብሎ መናገር ነውር ሆኖባት ጦሟን መዋል መረጠች። እናቴ ምርቃቱን ረሳች። ወዲያው የዳኛው ፊሽካ ከባሕር ዛፉ ማዶ ተሰማና ልጆቹ ሮጡ፤ እኔም ተከትዬ ሮጥኩ።

ከሰዓት በኋላው ጨዋታ ሲጀመር ሜዳው አንገር ጉቲን ሆኗል፣ ከመኪናቸው ሹፌር በቀር ግን ባለቤቶቹን የሚደግፍ አልነበረም። ከተማው በሙሉ በኛ በኩል ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ዙር ወሰድን። ዘይነባ የጠዋቷ ዘይነባ አልነበረችም፤ ስትዘል እጇ ከመረቡ በላይ መድረስ ያቅተዋል፣ አንዴማ ኳስ ልታነሣ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ይዛ ቆየች። ደጋፊያችን ሰባቷ ደከመች ብሎ አጨበጨበ። ሌንሴ ግን አላጨበጨበችም፣ ወደ ባሕር ዛፉ ዘወር ዘወር ትል ነበር።

እናቴ በዚያ በኩል መጣች። በአንድ እጇ ማሰሮ እርጎ፣ በሌላው በነጠላ የተጠቀለለ ሳህን ይዛለች፤ ውስጡ ለማታ ቀቅላ ያስቀመጠችው፣ የወለጋ ሰው ሥሩን ቆፍሮ የሚበላው አንጮቴ ነው፣ በቅቤ የራሰ። በኛ ፊት አለፈች፣ ቦታ ለቀቅንላት፣ አልተቀመጠችም። ሜዳውን ዞራ ባዶ ወደነበረው ወደ ማዶው አግዳሚ ሄዳ ተቀመጠች። ዙሩ ሲያበቃ ዘይነባን ጠርታ በእጇ አጎረሰቻት። ልጅቷ አብሽሩ እማማ ምንም አይደለም እያለች ብትከላከልም፣ እናቴ እስከ መጨረሻው ጉርሻ ጸንታ፣ እርጎውንም አስጨልጣ ለቀቀቻት። ከዚያም መመለስ ሲገባት አልተመለሰችም። ዘይነባ ኳሱን ስትመታ አጨበጨበች።

ደነገጥን ማለት ቀላል ነው። የሌንሴ እናት፣ ሃዳ ሌንሴ፣ ከጠላት ወገን! አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጓደኞቿ ምልክት ሰጧት፤ እሷ ግን ዓይኗን ሜዳው ላይ ተክላለች። እኔ መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ሌንሴ አየቻት፤ ማየቷን ሁላችንም አየን። ከዚያ ወዲያ አንጮቴው ይሁን አጨብጫቢው፣ ዘይነባ ነፍስ ዘራች፤ የከሰዓቱን ጨዋታ እነሱ አሸነፉ።

የመለያው ዙር ላይ ፀሐይዋ ወደ ባሕር ዛፉ ጫፍ ወርዳ ነበር። ሹፌሩ ሳይመሽ ለመውጣት ጎማ ሊጠግን ከመኪናው ሥር ገብቷል፤ በነሱ በኩል ያለውን የሜዳ ጥግ የሚዳኘው እሱ ነበርና ጥጉ ያለ መስመር ዳኛ ቀረ። ዙሩ ሲጋመስ ቡድኖቹ ቦታ ተለዋወጡ፣ የሌንሴ ወገን እናቴ ወደተቀመጠችበት ጥግ መጣ። እነሱ ለማሸነፍ አንድ ኳስ ሲቀራቸው ዘይነባ ዘለለችና በሙሉ ኃይሏ መታች፤ ኳሷ በሌንሴ ጣት አጠገብ አልፋ ጥጉ ላይ ወደቀች። አቧራ ተነሣ። ኖራው ጠዋት የተሰመረ ነውና በእግር ብዛት ተረግጦ መስመሩ ከአፈሩ አይለይም። የኛዎቹ ወጥታለች አሉ፣ የነሱዎቹ ገብታለች አሉ። ዳኛው ከመሰላሉ ወርዶ መጣ፣ አፈሩን አየ፣ አልገባውም። በዚያ ጥግ የነበረው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ልማዱም ነበር፣ መስመር የጠፋ ጊዜ አጠገቡ የተቀመጠው ትልቅ ሰው ይጠየቃል፣ ያለው ይጸናል።

«ሃዳ ሌንሴ» አላት፤ «ኳሷ ገብታለች ወይስ ወጥታለች?»

እናቴ ሌንሴን አየቻት፣ ረዘም አድርጋ።

«ገብታለች» አለች።

ሌንሴ ለአንድ ሳምንት እናቴን አላናገረችም። አንድ ቤት እየበሉ፣ በእኔ በኩል ጨው አቀብዪኝ እየተባባሉ ሰነበቱ። ሻንጣው ተመልሶ አልጋ ሥር ገባ። በኋላ ሌንሴ ቢላ ወረዳ ተመደበች፣ አገባች፣ አስተማረች፤ ባቡሩ ደግሞ እሷ አዳማን የምታይበት ቀን ሳይደርስ መሄዱን አቆመ። አዳማን ያየችው ዘይነባ ናት፤ ባቡሩን ቆማ አይታ ለሌንሴ በሹፌር በኩል መልእክት ልካላታለች፣ ረጅም ነው፣ ይጮኻል፣ ሌላ ምንም የለውም ብላ። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ የማንጎ ወቅት ሲደርስ ከአንገር ጉቲን በሚመጣ መኪና አንድ ጆንያ ማንጎ ለእናቴ ይመጣ ነበር። ላኪውን ስንጠይቅ ሹፌሩ ከሰባት ነው ይላል። እናቴም ቅቤና አንጮቴ አስራ ትመልሳለች። ሌንሴ ማንጎውን መጀመሪያ አልበላም ብላ ነበር፤ ማንጎ ፊት ማኩረፍ ግን ከባድ ነው።

ስንት ዓመት እንዲህ ሆነ። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። በዚያ በኩል የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ ተባለ፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም። እናቴ በማንጎ ወቅት ወደ መናኸሪያ ሰው መላኩን አልተወችም፤ የላከችው ባዶ እጁን ሲመለስ መንገዱ ነው ትላለች እንጂ ሌላ አትልም ነበር። በመጨረሻ ሕመሟ ሌንሴ አጠገቧ ተቀምጣ፣ በመሐላችን ሲቀለድበት የኖረውን ጥያቄ በእርጋታ ጠየቀቻት፤ ሃርሜ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ያቺ ኳስ ወጥታ ነበር አይደል?

«ኳሷን መች አየሁ» አለች እናቴ። «እኔ የማየው ልጅቷን ነበር።»

ሌንሴ ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች፤ እኔም እንደዚያው።

ኮሌጁ ዛሬም አለ፣ ሜዳው ግን የለም፤ በቦታው ባለፎቅ ሕንፃ ቆሟል፣ ቡድን ሲመጣም ሆቴል ያድራል፣ ካፌ ይበላል። ጥሩ ነው፣ ማንም አይራብም። ከተማዋም አድጋለች፣ ጠርዟም ነጭ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ዛሬ አንዲት እናት የሰው ልጅ ጦሟን ከቤቷ ወጣች ብላ የገዛ ልጇን ብታስሸንፍ፣ የሚገባው ሰው ስንት ይገኛል እላለሁ።

ዛሬ ከገበያ ስመለስ ሌንሴ ቤት ጎራ አልኩና የኖራውን ነገር አጫወትኳት። ስልኳን አወጣች። ያኔ ከማንጎው ጋር የመጣላትን የዘይነባን ስልክ ቁጥር ያስቀመጠችው እስካሁን ድረስ ሰባት ብላ ነው፤ እናታችን ያረፈች ቀን መርዶውን ልታረዳት ደውላ ስልኩ ዝግ ነበር፣ ከዚያም ወዲህ ዝግ ነው። አሁንም ደወለች፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች፣ ያው ሆነ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ምሳ ልታቀርብልኝ ተነሥታ፣ ጓዳው በር ላይ ቆም አለች።

«ያለችበት ቦታ» አለች ሌንሴ፣ «ስሟን ጠይቀዋት ይሆን የሚያበሏት?»