አርባ ሁለት የጎማ ጭምብል

ሎሬን ስኬልተን ለማንም ፊት የምትሰጥ ሴት አይደለችም። በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በግሪምዝቢ የሚያውቋት ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ የማያውቋትም ወረፋ ላይ ከፊቷ ሊገቡ ሲሞክሩ ይማሩታል። ሃያ ሁለት ዓመት ወደቡ ዳር ባለው ፋብሪካ ቆማ ዓሣ ስትበልት ኖረች። ፋብሪካው ሲዘጋ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። «ከዓሣ አንጀት ወደ ሰው ደም፤ ዕድገት ማለት ይሄ ነው» ትላለች። የሚስቅላት ሰው ሲገኝ ደግሞ ትቆጣለች።

በትንፋሽ የሚተላለፈው በሽታ የገባ ሰሞን የወረቀቱ ጭምብል አለቀ። አለቆቹ ለሳምንታት «እየመጣ ነው» እያሉ ከረሙ። እነሱ ይህን ሲሉ የበሽታው ተጠቂዎች በተኙበት አምስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ነርሶች ታመሙ፣ አንዷም ተቀበረች። የጎማዎቹ ጭምብሎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ መኪና ቀቢዎች የሚያደርጓቸው ዓይነት፣ ግራና ቀኝ ጉንጭ ላይ ክብ ማጣሪያ ያላቸው። እነዚህ አይጣሉም፤ እየታጠቡ ያገለግላሉ። አርባ ሁለት ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ማሰሪያ ላይም የባለቤቱ ስም ተጽፏል። ዶክተሮቹ «የአሳማ አፍንጫ» እያሉ ቀለዱባቸው። ሎሬን አልቀለደችም። ዕድሜዋን በጎማ ቦት፣ በጎማ ሽርጥና በጎማ ጓንት የጨረሰች ሴት ጎማን ታከብራለች።

ጭምብሉን ስታጥብ ማጣሪያዎቹን ትነቅላለች፣ ማሰሪያውን ትፈታለች፣ ከአፍ ፊት ለፊት ያለችውን ስስ ክብ ክዳን ታወጣለች። ክዳኗ ከሳንቲም አትበልጥም። ሰው ትንፋሹን ሲያወጣ ትከፈትለታለች፤ አየር ሲስብ ተጣብቃ ትዘጋለች። እሷ ከሌለች የበሽተኞቹ ክፍል አየር በማጣሪያው ሳያልፍ ቀጥ ብሎ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሎሬን ሕግ አንድ ነበር፤ አንዱ ጭምብል ታጥቦ ተገጣጥሞ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። አለቃዋ ኪት ሁለት ሁለት እያደረገች እንድታጥብ ሲነግራት «አንተ ቢሮህ ገብተህ ሻይህን ጠጣ» ብላ መለሰችው።

አምስተኛ ፎቅን የምታዘው ሲስተር ጊሊያን ቶፍት ናት። እሷና ሎሬን ዓይንና ናጫ ናቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሎሬን እናት እዚያው ፎቅ ላይ ተኝታ ነበር። ሎሬን ከፋብሪካ በቀጥታ ሮጣ ስትደርስ የጥየቃው ሰዓት ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ጊሊያን በር ላይ አቆመቻት። «ሰው ራቱን እየበላ ነው፤ ትሸቻለሽ፤ መጀመሪያ ታጥበሽ ነይ» አለቻት። እናትየው ግን እስኪነጋ አልቆየችም። ይቅር የሚል ይቅር ይበል፤ ሎሬን አላለችም፣ እኔም አልፈርድባትም። የጊሊያን ጥላቻም ከእሷ አያንስም ነበር። የበደለ ሰው የበደለውን ሰው በየቀኑ ማየት አይወድም።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ሎሬን የጊሊያንን ጭምብል አንስታ ክዳኗን ፎጣ ላይ እንዳስቀመጠች፣ ማሰሪያው ሥር የተሸጎጠ ወረቀት አየች። «ይሄ ይሸታል። ዛሬ እንኳ በደንብ ይታጠብ።»

ደሟ ፈላ። ጭምብሉን የሳሙና ውሃው ውስጥ ወርውራ እየተንደረደረች ኪት ቢሮ ገባች።

«አንብበው! ይሸታል ትላለች! አሁንም ይሸታል ትላለች!»

«ሎሬን፣ በናትሽ፣ እርሺው። ሥራ አለብን።»

«እናቴን አታንሳብኝ!»

ተመልሳ ጭምብሉን ቆዳ የምትገፍ ይመስል ፈተገችው። አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ማጣሪያዎቹን ገጠመች፤ ከዓይኗ እንዲጠፋላት ሳጥን ውስጥ ወረወረችው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሳጥኑ ወደ ላይ ወጣ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ የተናደደ ሰው ግን ማፍሰሱንም አያውቀው።

ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዋን ልታጸዳ ፎጣውን ስታነሳ አንዲት ክዳን ወለሉ ላይ ወደቀች።

ክው አለች። የማን እንደሆነች ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባትም። ዛሬ ጀምራ ያቋረጠችው ጭምብል አንድ ብቻ ነው።

የቆሻሻ ቅርጫቱ እግሯ ሥር ነበር። ማንም አላያትም። ክዳኗን ጣል ብታደርጋት ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለዚያች ሴት ያልተመኘችላት መዓት የለም፤ በየአልጋው ላይ በሽታው ሞልቶ፣ መዓቱ አሁን እጇ ላይ ነው። ሎሬን ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመች እሷ ብቻ ታውቃለች፤ ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ «ልጠላት እችላለሁ። በሥራዬ ግን አልገድላትም» አለች፣ ጮክ ብላ፣ ለማጠቢያ ገንዳው። የጎማ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ የጨርቅ ጭምብሏን ወደ አፍንጫዋ ስባ ደረጃውን ሮጠች።

አምስተኛ ፎቅ ስትደርስ የመስታወቱን በር በጡጫ ደበደበችው። ጊሊያን መጥታ ከፈተች። ጭምብሉን እንዳደረገች ነበር፤ ድምፅዋ ታፍኖ ወጣ።

«ምን ሆንሽ? እዚህ መግባት ክልክል ነው።»

«ጭምብልሽ ክዳን የለውም። ውጪ!»

«ምን የለውም?»

ሎሬን ክዳኗን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። «ይቺ ፎጣዬ ላይ ቀርታለች። ያንቺ ናት። ወረቀትሽን ሳነብ ነው የረሳኋት።»

«አሃ! ጥፋቱ የኔ ሆነ ማለት ነው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ከፈለግሽ ሄደሽ ክሰሺኝ። አሁን ግን ውጪልኝ።»

ከኋላ አራት ነርሶች ሥራቸውን ትተው ዞሩ። ማንኛውም ነርስ ወደ በሽተኞቹ ከመግባቱ በፊት ሁለቱን ማጣሪያ በመዳፉ ሸፍኖ አየር መሳብ አለበት። ጎማው ፊት ላይ ጭብጥ ብሎ ከተጣበቀ ደህና ነው፤ አየር ከገባ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ይህንን በየጠዋቱ አሰልፋ የምታስፈትናቸው ራሷ ጊሊያን ናት። አንዷን ልጅ ባለፈው ሳምንት በዚሁ ምክንያት አስለቅሳታለች።

«ስገባ ፈትሼዋለሁ፤ ደህና ነው» አለች ጊሊያን። «ሥራዬን አንቺ አታስተምሪኝም፣ የኔ እመቤት።»

«ሲስተር፣ ጠዋት እኮ የሁለተኛው አልጋ ሰውዬ ትንፋሽ አጥሮት... እየሮጡ ነው የገቡት» አለች አንዷ ነርስ በቀስታ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

ስትሮጥ አይቶ የተከተላት ኪት በዚህ መሃል እያለከለከ ደረሰ። ነገሩን ሰምቶ ፊቱ ፈካ። «በቃ፣ ሲስተር ፈትሼዋለሁ ካሉ ፈትሸውታል። ያቺ ትርፍ ክዳን ትሆናለች። ነይ እንውረድ፣ ሎሬን፤ ጥፋት የለብሽም።»

መንገዱ ወለል ብሎ ተከፈተላት። የጭምብሉ ባለቤት ራሷ በምስክር ፊት ደህና ነው ብላለች። ከእንግዲህ ወዲያ ጊሊያን ብትታመም ጣቱን ሎሬን ላይ የሚቀስር የለም። ከውስጥ የበሽተኛ ደወል ጮኸ፤ ጊሊያንም አሸናፊ ነኝ በሚል ዓይን አይታት፣ ወደ ክፍሉ ልትመለስ ዞረች።

ሎሬን ወለሉ ላይ የተሰመረውን ቀይ መስመር አልፋ ትከሻዋን ያዘቻት። ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሁለቱን ማጣሪያዎች በእርጥብ ጓንቷ ድፍን አደረገቻቸው። ጊሊያን በር ላይ ካቆመቻት ከዚያች ምሽት ወዲህ እንዲህ ተጠጋግተው አያውቁም።

«ልቀቂኝ! አብደሻል እንዴ?»

«ሳቢ!»

«ኪት! አንሳልኝ ይቺን ሴትዮ!»

«ሳቢ አልኩሽ! ከተጣበቀ ዛሬውኑ አስባርሪኝ። የስንብት ወረቀቱን ራሴ እፈርምልሻለሁ። ሳቢ!»

ጊሊያን ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። ሎሬንን ከዚህ ሆስፒታል ማስወጣት የዘጠኝ ዓመት ምኞቷ ነው። ደረቷን ነፍታ በሙሉ ኃይሏ አየር ሳበች።

አየሩ ያለ ምንም ትግል ገባላት። ጎማው ፊቷ ላይ ንቅንቅ አላለም።

 ኪት ከበሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ስንት ሰዓት ነው የገባሽው?» አለች ሎሬን።

«ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» ብላ መለሰች ቅድም የተናገረችው ነርስ። ሎሬን እጆቿን ልታነሳ ስትል ጊሊያን የእጅ አንጓዎቿን ያዘቻቸው። መዳፎቹ ክፍተት ትተው እንደሆነ ልታረጋግጥ፣ በራሷ ጉልበት የሎሬንን መዳፎች ማጣሪያዎቹ ላይ አጥብቃ ተጫነቻቸውና እንደገና ሳበች። አየሩ እንደገናም ገባላት፤ ከጠዋት ጀምሮ አራት ሰዓት ሙሉ እንደገባላት።