የግራ ክንዴ ሕመም

ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ስልክ ቤት ስዛወር ገና ልጃገረድ ነበርኩ። ጎዳይፍ በሚባል ሰፈር ከአንዲት ባልቴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ባለቤቲቱን እንደ ሰፈሩ ሰው «አደይ» እላቸው ነበር፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ከሰላምታ አልፎ የምንነጋገርበት ቋንቋ ግን አልነበረንም። እሳቸው ጥቂት አማርኛ ይሰማሉ፤ የኔም ትግርኛ ከገበያ አያልፍም። ቀኑን ሙሉ በስልክ ሰውን ከሰው ሳገናኝ እውላለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ፌርማታው ላይ በአማርኛ ሰዓት ብጠይቅ እንኳ የቆሙት ሰዎች ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። ስለዚህ ዝም ማለትን ለመድኩ።

በሁለተኛው ክረምት የግራ ክንዴን ያመኝ ጀመር። ከትከሻዬ ይነሳና እስከ አውራ ጣቴ እንደ ፈላ ውሃ ይወርዳል፤ ከዚያ ጣቴ ይደነዝዛል። አጎቴ በልብ ሕመም የሞቱት ግራ እጃቸውን እንደያዙ ነበር። የኔም ልቤ ነው ብዬ ቆረጥኩ። ለማን ልንገር? ለእናቴ ብጽፍላት ታብዳለች። ስተኛ በሬን መቆለፍ ተውኩ፤ ብሞት እንዳይሰብሩት ብዬ።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ አንሶላ መጭመቅ አቃተኝ። አደይ ከደጃፋቸው አይተውኝ መጡ።

«እንታይ ኮይንኪ፣ ጓለይ?» ምን ሆንሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

ክንዴን አሳየኋቸው፤ ቀጥዬ ደረቴን። ፊታቸው ተለወጠ። ነጠላቸውን ለብሰው ሐኪም ቤት ይዘውኝ ሄዱ።

ሐኪሙ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ፣ «ሐ»ን ከጉሮሮው የሚያወጣ ጎልማሳ ነበር።

«ያመኛል» አልኩት።

«ማመሙንስ ያምሻል። እንዴት አድርጎ ነው? ይወጋል? ይጫናል? ያቃጥላል?»

እስከዚያ ቀን ሕመም ሁሉ ለኔ አንድ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኩ።

«ያቃጥላል። እየሮጠ ይወርዳል።»

«ደረጃ ስትወጪ ይብሳል?»

«አይ፣ ከሥራ ስወጣ ነው የሚብሰው።»

ራሴን ወደ ግራ አዘንብሎ በቀስታ ተጫነው። ጮህኩ፤ እስከ አውራ ጣቴ ነደደኝ።

«ልብሽ ደህና ነው» አለኝ። «የልብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ደረት ላይ ይጫናል፤ ስትደክሚ ይመጣል፣ ስታርፊ ይለቃል። ጡንቻ የተጎዳ እንደሆነ የነኩት ቦታ ላይ ያምማል። እንዲህ እንደ እሳት የሚሮጥና የሚያደነዝዝ ግን የነርቭ ነው። የተጎዳው አንገትሽ ነው፤ ሕመሙ ግን እጅሽ ላይ ይሰማሻል።»

ሥራዬን ጠየቀኝ። የማዳመጫዬ ማሰሪያ ስለላላ አንገቴን አጣምሜ በግራ ትከሻዬ ደግፌው እንደምውል ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ኪኒን ሰጠኝ፤ ማዳመጫውን እንዳስቀይርና ማጅራቴን በሙቅ ጨርቅ እንዳስይዝ አዘዘኝ።

«ቤት ውስጥ ጨርቁን የሚይዝልሽ ሰው አለ?»

አደይ ከኋላዬ «እወ፣ ኣነ ኣለኹ» አሉ። አዎ፣ እኔ አለሁ።

በየምሽቱ ከእራት በፊት ሙቅ ውሃ በሳህን፣ ጨርቅም ይዘው ይመጡልኝ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን እጃቸው ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ እንባዬ መጣ። አስመራ ከገባሁ ወዲህ ከሐኪሙና እጄን ከጨበጡኝ በቀር የነካኝ ሰው አልነበረም።

«አመመሽ?» አሉኝ ደንግጠው።

«እወ» አልኩ። ሌላውን እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው አላወቅሁም።

ክረምቱ ሲያልፍ ቃጠሎው ለቀቀኝ፤ ጣቶቼም መርፌ መያዝ ቻሉ። አደይ ክንዴን ወደ ላይ አስነስተው አዩና «ተመስገን» ብለው ሳህናቸውን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሻሂ አፍልቼ በሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ። አልመጡም። ለምን ይመጣሉ? ድኛለሁ። ከግድግዳው ባሻገር ልጃቸው ከነልጆቿ መጥታ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ላንኳኳ ተነሳሁ፤ ግን ምን ብዬ እገባለሁ? ሳመነታ ሻሂው ቀዘቀዘ። የኔን ጠጣሁ፤ የሳቸውን ወደ ማንቆርቆሪያው መለስኩት።