አሰለፈች ያላለቀሰችው ለቅሶ

መርሳ ከተማ ውስጥ «ልበ ደረቅ» ከተባለ ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር፤ አሰለፈች ማለት ነው። እኔ መሪማ በአንድ አጥር ያደግሁ ጎረቤቷ ነኝ፤ ያን ቃል ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አባቷ ጋሽ ዘውዱ የመኪና መካኒክ ነበሩ። ከወልድያ ደሴ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያውቃቸዋል። ያለቻቸው ልጅ እሷ ብቻ ናት። በ1974 መንግሥት ለእርሻ ትምህርት ኩባ ሲልካት፣ እናቷ እትዬ ብዙነሽ «ባሕር ተሻግራ ምን ትበላ ይሆን?» እያሉ ድልህና በሶ ሲያዘጋጁ ከረሙ። ከሻንጣዋ ልብሱ ወጥቶ በሶው ገባ። ስቀን ሸኘናት።

እሷና አብረዋት የተላኩት ተማሪዎች እዚያ እንደደረሱ መጀመሪያ ስፓኒሽ መማር ግድ ነው። ቋንቋውን ቶሎ እንዲለምዱ ተብሎ ተማሪዎቹ በየቤተሰቡ ተደለደሉ። ለአሰለፈች የደረሳት ኤልቪራ የምትባል ልብስ ሰፊ ቤት ነበር፤ ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት። ማንኪያ ታነሳና ስሙን ትጠራለች፤ አሰለፈች ካልደገመችው ሾርባ የለም። ዓርብ ዓርብ ወተቱን አልጠጣም ስትላት በመጀመሪያ ታመመች ብላ ተጨነቀች። በኋላ ግን ራሷ «ዛሬ ዓርብ ነው» እያለች ወተቱን ከፊቷ ታነሳላት ጀመር።

ዓመት ሳይሞላ እትዬ ብዙነሽን ወባ ገደላቸው። ጋሽ ዘውዱ ከቀብር እንደተመለሱ ዘመዱንና ጎረቤቱን ሰብስበው ቃል አስገቡን። «ልጄ በሰው አገር መርዶ አትሰማም። ደረቷን ስትመታ ማን እጇን ይይዝላታል? ስትመጣ እኛው እናረዳታለን» አሉ። የአገሩ ደንብም ይኸው ነው፤ መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በወገን መካከል ነው የሚነገረው። ብቻ ምናልባት ከሌላ ሰው እንዳትሰማ እንዲጠብቃት ብለው፣ አብሯት ለሄደው፣ ወንድሙ ለሚባለው የወልድያ ልጅ አስነገሩት። ወንድሙም ብቻውን መሸከሙ ሲጨንቀው ለኤልቪራ ነገራት። «የአገራችን ደንብ ነው፤ እስክትመለስ ድረስ አደራ ዝም በይ» አላት።

ኤልቪራ ምስጢሩን መያዝ የቻለችው ለአንድ እራት ብቻ ነው። በማግስቱ ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ «አሰለፈች፣ እናትሽ ሞታለች» አለቻት። በቃ። ልጅቷ የምታውቀው ስፓኒሽ ገና ጥቂት ስለነበር ዙሪያ ጥምጥም የሚኬድበት ቃል አልነበረም። በእኛ ቢሆን «ትንሽ አሟቸው ነበር» ተብሎ ይጀመራል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ኤልቪራን ስረግማት ኖሬያለሁ፤ ግን ደግሞ አሰለፈች ወለሉ ላይ ስትወድቅ አብራት ወለሉ ላይ የተቀመጠች፣ ፊቷን ስትቧጭር እጇን የያዘች፣ ለማታውቃት ሴት ጥቁር የለበሰች እሷ ናት። አሰለፈች ለእናቷ ያላት እንባ ሁሉ እዚያ ወለል ላይ አለቀ።

ለአባቷ ግን ማወቋን ሆድ ይፍጀው አለች። ከአገር ቤት የሚመጣ ተማሪ ሁሉ «እናትሽ ደህና ናት፣ ትስምሻለች» የሚል የአባቷን ቃል ይዞ ይደርሳል። እሷም «እኔም እስማታለሁ በሉልኝ» ትላለች። አባት ለልጁ ሲሳሳ፣ ልጅ ለአባቷ ስትሳሳ፣ ሟች ሰላምታ ስታመላልስ ዓመታት አለፉ።

በ1979 ተመለሰች። ማታ ስትገባ «እናትሽ ሐራ ለቅሶ ሄዳ ነው፤ ነገ ትመጣለች» አልናት። ጎህ ሲቀድ ጋሽ ዘውዱ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገባን። መርዶው ተነገረ፤ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። አሰለፈች ቆማ ቀረች። ልጩህ፣ ልውደቅ ብላ አስባበት ነበር፤ አልመጣላትም። ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እጇን ሲያነሱላት ጉንጯ ደረቅ ነው።

«ኩባ ልቧን በልቶታል!» አለች አንዷ።

ጋሽ ዘውዱ ክንዷን ይዘው «ሰምተሽ ነበር እንዴ፣ ልጄ?» አሏት።

«አዎ» ብትል፣ ያን ሁሉ ዓመት የደከሙበት ከንቱ ሊሆን፣ ልጃቸው በባዕድ ቤት ያለ እሳቸው ማልቀሷን ሊያውቁ ነው። ከሚስታቸው ሞት ወዲህ የቀረቻቸው መጽናኛ ልጄን ከዚያ ጠብቄያታለሁ የምትለዋ ብቻ ነበረች።

«አልሰማሁም፣ አባባ» አለች።

ከዚያ ሲሪንቃ እርሻ ምርምሩ ሥራ ያዘች። እሑድ እሑድ እየመጣች የአባቷን ልብስ ታጥባለች፣ አብራቸው ምሳ ትበላለች። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሷትም። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ግን «አንቺ ቅሪ፣ ልጄ፤ እኔ እደርሳለሁ» ይሏታል። እሷን የሚያንገበግባት ይኸው ደግነታቸው ነበር።

በ1981 ጋሽ ዘውዱ በድንገት ታመሙ። ሲሪንቃ ማለት አፍንጫችን ሥር ናት፤ «ለአሰለፈች እንላክባት» ስንል እጃቸውን አወዛወዙ። «ተዉአት» አሉ። «ልጄ ለቅሶ አይሆንላትም። ሰው ፊት ፊቷን እያየ ያሳቅቃታል። ከቀበራችሁኝ በኋላ ንገሯት።» በፍቅር ነው ያሉት፤ አላህ ምስክሬ ነው። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ የሟች ቃል አይሻርምና እንዳሉት ሆነ።

ከቀብር በኋላ ልናረዳት ሲሪንቃ የሄድነው እኔና የሰፈሩ ሴቶች ነን። ከማሽላው መሐል ቀና ብላ አየችን፤ ነጠላችንን ስታይ ማንም ሳይነግራት ወደቀች። አፈር ላይ ተንከባለለች፤ ይዘን አልቻልናትም። አብራን የመጣች አንዲት ሴት «ለካ ታለቅሳለች!» አለች፤ በጥፊ ልላት ምንም አልቀረኝም። እየደገፍን ስንመልሳት፣ የኤልቪራን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረችኝ በመንገድ ላይ ነው።

ቤት አልገባም ብላ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችን። የመቃብሩ አፈር ገና እርጥብ ነበር። ተንበረከከችና፣ ተከትሎን የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ ሰምቼ ነበር» አለች።