ደረቅ በሶ

ጣሊያን በገባ በዓመቱ፣ ደሴ የተቀጠርኩበት ቤት የነጋዴው ሚስት የብር አምባሯ ጠፋባት። ሌባ የምትለይበት የራሷ መንገድ ነበራት፤ ደረቅ በሶ ታስቅማለች። «ያልሰረቀ ይውጠዋል፤ የሰረቀ ጉሮሮው ይዘጋል» ትል ነበር።

እኔ ሰው ፊት ስሜን ስጠራ እንኳ አፌ የሚደርቅ ልጅ ነበርኩ። የቤቱ ሰው ሁሉ ከቦ እያየኝ ቃምኩ። በሶው ምላሴ ላይ እንደ አመድ ተቀመጠ፤ አነቀኝ። ውሃ ብለምን፣ «ወላሂ ለሌባ ውሃ የለኝም! ምራቅሽ መስክሮብሻል» ብላ ጎረቤት እያየ አስወጣችኝ።

ደሴ ውስጥ ሌባ የተባለችን የሚቀጥር ስለሌለ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ ሐኪም ቤት ፋሻ አጣቢ ሆንኩ። አንድ ቀን አዛውንቱን አስታማሚ፣ ሰው ሲፈራ አፉ ለምን እንደሚደርቅ ጠየቅኳቸው።

«ከአንጎል የሚወርድ ነርቭ አለ» አሉኝ። «እንደ ጥሪ ነው፤ ወዲያው ይደርሳል። ምራቅ ያደርቃል፣ ልብ ያስደልቃል። ያው ነርቭ ከኩላሊት በላይ ያለችውን ዕጢ ይቀሰቅሳታል። እሷ ደግሞ ሆርሞኗን ደም ውስጥ ትለቃለች። ያ እንደ ቦይ ውሃ ነው፤ ጥሪው ካበቃ በኋላም ይፈሳል። የሚያስፈራሽ ከሄደም በኋላ የምትንቀጠቀጪው ለዚህ ነው።»

«ሌባ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው?»

«ዕጢ ሌባና ጨዋ የት ታውቅና፣ ልጄ!»

ደስ አለኝ። ንጹሕ መሆኔንማ ዱሮም አውቀዋለሁ፤ ደስ ያለኝ ያቺ የነጋዴ ሚስትም ሰው ፊት ብትቅም እንደምትታነቅ ስለገባኝ ነው።

አምባሩ ከራሷ ፍራሽ ጥጥ ውስጥ እንደተገኘም ሰማሁ። ስሜን ለመመለስ ግን አንድ ሰው አልላከችም።

ጎረቤታችን ልጇን ስትድር ያቺ ሴትዮ በሙሽራው ወገን ከደሴ መጣች። ሴቶቹ በተሰበሰቡበት በአንድ እጄ በሶ፣ በሌላው ውሃ የሞላ ጣሳ ይዤ ፊቷ ቆምኩ።

«እትዬ፣ አምባርዎን ማን እንደወሰደው ዛሬ ይለይልን። እርስዎ ይጀምሩ።»

«ይቺ ዓይን አፋር ምላስ አበቀለች?»

ሴቶቹ ሳቁ። «ቃሚላት እንጂ! ያልሰረቀ ምን ገዶት!» አሉ አንዲት አሮጊት።

እምቢ ብትል ወሬ ነው። ቃመች። ሁሉም አፏን ያያል። ሁለቴ አላምጣ ቆመች፤ ከዚያ ትን አላትና በሶው አዲሱ ነጠላዋ ላይ በነነ። እጇን ወደ ጣሳው ዘረጋች። አሸሸሁት።

«አምባሩ የት ተገኘ?»

«ፍራሽ... ውስጥ።»

«ጮክ ይበሉ።»

«ፍራሼ ውስጥ! አልሰረቀችም!»

ያን ጊዜ ሰጠኋት። ግማሹ ግን መሬት ፈሶ ነበር፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሠርገኛው ተበትኖ ቤቴ ስገባም አላቆመም። ዕጢዬ ቦዩን ገና አልዘጋችውም። እኔም እንድትዘጋው አልቸኮልኩም።