በሰንበቴ ፊት ሌባ ያልኳት ልጅ

ከጓሮዬ ክፍል ተከራይታ ትኖር የነበረችውን ማስተዋልን በሰንበቴ ማኅበርተኞቻችን ፊት ሌባ ብያታለሁ። ሌባ አልነበረችም። ይህን ከልጄ ደብቄ፣ ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ ይህን ብቻ እየዘለልኩ ብዙ ጊዜ ኖሬአለሁ። እንግዲህ ይጻፍ። አንባቢዬ፣ አንተ ፍረደኝ።

ቤቴ ላሊበላ ነው። ለእንግዳ የማከራያቸው ክፍሎች አሉኝ። ደሴ የሚያስተምረው ልጄ ጌትነት፣ እንግዶች በኢንተርኔት ክፍል ሲጠይቁኝ እንድመልስላቸው ብሎ ኮምፒውተር ገዛልኝ፣ መስመርም አስገባልኝ። እንዴት እንደሚመለስ ግን ያስተማረችኝ ማስተዋል ናት። የአሸተን ገበሬ ልጅ ናት፤ በርቀት ትምህርት ሒሳብ አያያዝ ትማር ነበር። «በኔ መስመር ተማሪበት» ያልኳትም ራሴ ነኝ። እኔው ሰጠሁ፣ እኔው ነሳሁ።

ከፋሲካ በኋላ ኮምፒውተሩ ይጎተት ጀመር። አንድ ገጽ እስኪከፈት ሽሮ ይበስላል። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። እንግዳው መልሴን ጠብቆ ጠብቆ ሌላ ቤት ያርፋል። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴ «እማማ፣ ሰው መስመርዎን እየሳበብዎት ነው» አለኝ። ማን ሊስብ? ማስተዋል ግድግዳዬን ተደግፋ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። በቃ፣ ፈረድኩ። ምስክር ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። እኔ፣ በእድሩም በሰንበቴውም «ሁለቱም ወገን ይሰማ!» እያልኩ የምሟገተው ሴት!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ፣ ማስተዋልም ጭምር፣ በተቀመጠበት ተነሣሁ።

«ፓስወርዴን ለጓደኞቿ አድላ ቤቴን ያለ እንግዳ ያስቀረች ይቺ ናት» አልኩ።

«እማማ፣ ለማንም አልሰጠሁም።»

«እንግዲያ በአሸተን ማርያም ማዪ!»

ፊቷ ተለዋወጠ። «እውነቱን ነግሬዎታለሁ። በእመቤታችን ስም ግን አልምልም። አባቴ፣ በእውነትም ቢሆን አትማሉ ብሎናል።»

አጠገቤ የነበረችው ማኅበርተኛ ሳቀች። «ንጹሕ ሰው መሐላ ምን ያስፈራዋል? በይ እቴ፣ ተይው፣ ታውቆብሻል!»

እኔንም አባቴ እንደዚያው ብሎ ነው ያሳደገኝ። መሐላን የሚሸሽ እግዜርን የሚፈራ ሰው መሆኑን አውቅ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ልጅቱ ተፈረደባት።

በማግስቱ ፓስወርዱን አስቀየርኩ። በዚያ ሰሞን የስልክ ኢንተርኔት ይቆራረጥ ነበርና በሬ ላይ መጥታ ቆመች። «ፈተናዬ በዚህ ሳምንት በኢንተርኔት ነው። እሱን ብቻ ልጨርስ፣ ከዚያ እወጣልዎታለሁ» አለች። ዘጋሁባት። ፈተናው አለፋት። ዕቃዋን አስጭና ሄደች።

ኮምፒውተሩ ግን እንደተጎተተ ቀረ።

ለገና ጌትነት መጣ። ያንን መብራት የሚያበራ የኢንተርኔት ሣጥን ነቅሎ ሰካው፤ ለውጥ የለም። ስልኩን አውጥቶ ሞከረ። «እማዬ፣ መስመሩማ ደህና ነው፤ ስልኬ ላይ ወዲያው ይከፍታል። የታመመው ኮምፒውተርሽ ነው» አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ነካ ሲያደርግ የጸሎት ገጽ፣ የመዝሙር ገጽ፣ የስንክሳር ገጽ እየተግተለተለ ወጣ። ሁሉም ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ።

«ይሄን ሁሉ ለምን አትዘጊውም?»

«ምን ብዬ ልዝጋው? መዝጊያው የኤክስ ምልክት አይደለም እንዴ? በእመቤታችን ላይ ኤክስ ላድርግባት?»

ጸሎቴን ስጨርስ ከኤክሱ አጠገብ ያለችውን ሰረዝ እየነካሁ ወደ ታች እደብቃቸው ነበር። የተዘጉ መስሎኝ አይደለም፤ ያረፉ መስሎኝ ነው። ኮምፒውተሩ ለካ ሁሉንም ተሸክሞ ኖሯል፤ በከፈትኩት ቁጥርም መልሶ ያነሣቸው ነበር። ጌትነት እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እመቤታችን አትቀየምሽም» እያለ አንድ በአንድ ዘጋቸው። የእንግዶቹ ገጽ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ተከፈተ። እሱ ደስ አለው። እኔ ግን ማስተዋልን አሰብኩ። ሥዕል ለመዝጋት የፈራች እጄ በሰው ልጅ ላይ በር ስትዘጋ ለምን አልፈራችም?

አላወቅሁም ነበር እንዳልል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቄአለሁ። በየሰንበቴው ስሟን በክፉ ሲያነሡ እያወቅሁ በላሁ፣ እያወቅሁ ጠጣሁ። ከበደሌ ሁሉ ይህ ይከፋል።

በመጨረሻ ማስተዋል ሙጃ ከተማ ልብስ ቤት እንደምትሠራ ሰምቼ ሄድኩ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ።

«በሰንበቴው ፊት ተናግረዋል?» አለችኝ።

«አልተናገርኩም።»

«ሌባ ያሉኝ እዚያ ነው። እዚህ ሙጃ ማንም ሌባ አላለኝም።»

መንገዱን ሙሉ ተናድጄ ተመለስኩ። የተናደድኩት ግን ትክክል ስለሆነች ነው። እሑድ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ተነሥቼ ተናገርኩ፤ ገጹንም፣ መሐላውንም፣ በሩንም። ያን ዕለት የሳቀችው ማኅበርተኛ «አይ አንቺ! እኛንም አብረሽ አስኮነንሽን?» አለችኝ።

ሙጃ ተመልሼ ሄድኩ። «ተናግሬአለሁ» አልኳት። «ክፍልሽ ባዶ ነው፣ መስመሩም አለ። ያለ ኪራይ ነይና ትምህርትሽን ጨርሺ። ይቅር በይኝ።»

የያዘችውን ነጠላ አጣጥፋ እስክታስቀምጥ ጠበቅኋት።

«እማማ፣ ይቅር በሉ ተብለን ታዝዘናል፤ ይቅር ብያለሁ፣ እግዜርም ይቅር ይበልዎ። ቤትዎ ግቢ ግን ያለኝ የለም።»